የሌሊቱ ኩስ
እንዴት ይሠራል? ያለ ውሃ የሚጸዳ የዶሮ ቤት ለጠባብ ግቢ

ዶሮ ከመሸ በኋላ ከቆጧ አትወርድም። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ሌሊቱ በክረምትም በበጋም ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ ዶሮዋም ዓመቱን ሙሉ የዕድሜዋን ግማሽ የምታሳልፈው አንድ እንጨት ላይ ተቀምጣ ነው። ኩስ መጣል ግን በእንቅልፍ አይቋረጥም። ስለዚህ በቀን ከምትጥለው ግማሽ ያህሉ በየሌሊቱ አንድ ቦታ ላይ፣ ከቆጡ ሥር፣ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ስፋት ውስጥ ይወድቃል። ለማጽዳት የሚቀል ዶሮ ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው ሌላ ምንም ባያውቅ ይህን ካወቀ ሥራውን አጋምሷል። የቀረው ግማሽ ውሃን የማራቅ ነገር ነው።

ይህን የምጽፈው የፒያሳን ግቢዎች እያሰብኩ ነው። ዶሮ ማነቂያና አጠገቡ የነበሩት ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ ነዋሪውም ተበትኗል። ገና ባልተነካው የአራዳ ጓዳ ግን ኑሮው ያው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 መንግሥት የወረሳቸው ቤቶች፣ በአንድ በር የሚገቡ አምስትና ስድስት ቤተሰቦች፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ መጸዳጃ፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጋራው የቆርቆሮ ጣሪያ። የሌማት ትሩፋት ኅዳር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በእንዲህ ዓይነቱ ግቢ ውስጥ ዶሮ ማርባት ከቀድሞው ይልቅ ይበረታታል፤ ብየዳ ቤቶችም ኬጅ ሠርተው በራቸው ላይ ያቆማሉ። ችግሩ አብዛኛው ኬጅ የተሠራው ዶሮዋ እንዳታመልጥ ታስቦ እንጂ ሰው እንዲያጸዳው ታስቦ አለመሆኑ ነው። በሩ አንድ እጅ ብቻ ያስገባል። ጥጉ በአካፋ አይደረስም። ባለቤቱ ሁለት ሳምንት ይታገልና ይተወዋል፤ ከዚያ ጭቅጭቁ ከጎረቤት ጋር ይሆናል።

ጎረቤትን የሚያስከፋው ሽታው ነው፤ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ደግሞ የቤቱን ቅርጽ ይወስናል።

ዶሮ ሽንቷን ለብቻው አትሸናም። ኩሷ ጫፍ ላይ የምናየው ነጭ ነገር ሽንቷ ነው። ሰውና ላም በሰውነታቸው የተረፈውን ናይትሮጅን በውሃ በሚሟሟ ዩሪያ አድርገው ያስወጣሉ፤ ወፎች ግን ውሃ ይቆጥባሉና ዩሪክ አሲድ ወደሚባል ነጭ ልጥፍ ለውጠው ነው የሚያስወግዱት። ይህ ነገር ደርቆ ከተቀመጠ ይህን ያህል አይሸትም። ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ የሚመጣው ባክቴሪያዎች ዩሪክ አሲዱን ሰባብረው ወደ አሞኒያ ሲቀይሩት ነው፤ ባክቴሪያ ደግሞ ይህን ለመሥራት እርጥበት ይፈልጋል። ትኩስ ኩስ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ቶሎ ከደረቀ ወይም ቶሎ ከቤቱ ከወጣ ሽታው ሳይወለድ ይቀራል። እርጥብ ሆኖ ካደረ ግን ምንም ቢረጩበት አይረዳም።

መጠኑንም ለመገመት ያህል፣ አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 100 ግራም ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ኩስ ትጥላለች። አምስት ዶሮዎች በቀን ግማሽ ኪሎ፣ በወር 15 ኪሎ ማለት ነው። ሁዳዴ ገብቶ እንቁላሉ ገዢ ቢያጣም ኩሱ አይቀንስም፤ ዶሮዋ ጾም አታውቅም።

የባለቤቱ አፍንጫ በዚህ ጉዳይ አይታመንም። አሞኒያን በየቀኑ የሚያሸት ሰው ይለምደዋል፤ ሽታው እየባሰ ሲሄድ እሱ ደህና ነው ይላል። የዶሮ ባለሙያዎች በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ከ25 የሚበልጥ አሞኒያ እንዳይኖር ይመክራሉ፤ ከዚያ ሲያልፍ የዶሮዎቹን የመተንፈሻ አካል እየጎዳ ለበሽታ ያጋልጣቸዋል። መለኪያ መሣሪያ የለንም። ያለን የጎረቤት አፍንጫ ነው። እትዬ ከማጀታቸው ብቅ ብለው «ልጄ፣ ዛሬስ የእናንተ ዶሮዎች ምን ሆኑ?» ካሉ ሙግት አያስፈልግም፤ ትክክለኛው መለኪያ እሳቸው ናቸው። ሌላው ዘዴ ጎንበስ ብሎ፣ አፍንጫን ዶሮዋ በምትተነፍስበት ከፍታ ላይ አድርጎ ማሽተት ነው። ቆሞ ያልተሰማው እዚያ ይሰማል።

እንግዲህ ወደ ቆጡ እንመለስ። ኩሱ የሚወድቅበት ቦታ ከታወቀ ወለል እስኪደርስ መጠበቅ ለምን? ከቆጡ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ የሚሳብ ትሪ ይገባል። ጠዋት ስቦ ማውጣት፣ በመፋቂያ ወደ ባልዲ መግፋት፣ አንድ ሁለት እፍኝ አመድ ወይም ሰጋቱራ በትኖ መመለስ ነው። ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካና በእንግሊዝ ዶሮ ቤቶች ከቆጥ ሥር የኩስ ጣውላ መዘርጋት የተለመደ ነበር። ዛሬም በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎች በኬጅ የሚያረቡ ትልልቅ እርባታዎች ከኬጁ ሥር የሚሽከረከር ቀበቶ ዘርግተው ኩሱን እንደወደቀ ይዘውት ይወጣሉ። የእኛ ትሪ የዚያ ቀበቶ ድሀ ዘመድ ነው።

ትሪው ምን ይሁን? ብየዳ ቤት ሄደው ከላሜራ ቢያሠሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኩስ ብረት ይበላል፤ ዚንክ የተቀባ ካልሆነ ሁለት ጊዜ ዘይት ቀለም ያስቀቡት። ጠርዙ በሦስት ጎን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበልና በአራተኛው ጎን፣ ወደ እርስዎ በሚወጣው በኩል፣ ጠፍጣፋ ይሁን። አራቱንም ጎን ከፍ የሚያደርግ ብዙ ሠራተኛ አለ፤ ያን ጊዜ መፋቂያው ጠርዙ ላይ ይቆማል፣ ኩሱም ጥግ ላይ ይጋገራል። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ትሪ ለሁለት ቢከፈል ይሻላል። አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚያነሣው ትሪ በየቀኑ ይጸዳል፤ ሁለት ሰው የሚፈልግ ትሪ ቅዳሜን ይጠብቃል፤ ቅዳሜ ደግሞ ለቅሶ ወይም ሠርግ አለ።

በየቀኑ ማጽዳቱ ለሽታ ብቻ አይደለም። ጫጩትና ቄብ ከሚፈጁት በሽታዎች አንዱ ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ ደም የተቀላቀለበት ኩስ ያስጥላል። የበሽታው ዘር ከዶሮዋ ሆድ ሲወጣ ወዲያው ሌላዋን ዶሮ አይዝም። ለመብሰል አየር፣ እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ አንድ ሁለት ቀን መቆየት አለበት። በየጠዋቱ የሚወጣ ኩስ ውስጥ ያለው ዘር ሳይበስል ከቤቱ ይወጣል። በረኪና ይህን ዘር አይገድለውም፤ ድርቀትና የፈላ ውሃ ግን ይጎዱታል። ስለዚህ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት የሚሠራው ያች ትሪ ናት።

ቆጡ ራሱ ከባህር ዛፍ አጣና ወይም ከሞራሌ ሊሆን ይችላል። አጣና ከሆነ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ይላጥ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናየዋለን። ሞራሌ ከሆነ ጠርዙ በመላጊያ ይዙር፤ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ዶሮዋ እግሯን ዘርግታ ደረቷን ብታሳርፍበት የሌሊት ብርድ ጣቶቿን አይነካም። ለአንዲት ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል። ከኋላ ግድግዳው 25 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ አለዚያ ጅራት ግድግዳ ያሻሻል፣ ግድግዳውም ኩስ ይቀባል። በሚስማር አይመታ። ሁለቱ ጫፎቹ በጎን ግድግዳ ላይ በተሠራ ግማሽ ጨረቃ ላይ ይረፉና በፈለጉ ጊዜ እንደ ዱላ ይነሡ።

አንድ ነገር ግን እዚህ ጋ ልበል። በገጠር አማራ ዶሮ የምታድረው ብዙ ጊዜ ሰው ከሚኖርበት ቤት ውስጥ ነው፤ ቆጡም ከበላይ ነው፤ እመቤቲቱ ጠዋት ቤት ስትጠርግ ከቆጡ ሥር ያለውን አብራ ጠርጋ ታወጣለች። ይህን እንደ ኋላቀርነት የሚያዩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሰውና ዶሮ አብረው ባያድሩ ለጤና የተሻለ መሆኑ አያከራክርም። የማጽዳቱ ሥርዓት ግን ከብዙ ዘመናዊ ኬጅ የላቀ ነው፤ ኩሱ አንድ ቦታ ይወድቃል፣ እጅና መጥረጊያ በቀላሉ ይደርስበታል፣ በየቀኑም ይወጣል።

ከትሪው ቀጥሎ የሚመጣው የሰው አካል ነው። ዶሮ ቤት የሚለካው በዶሮ ቁመት ብቻ ከሆነ ስሕተቱ እዚያ ይጀምራል። ወይ ሰው ቆሞ የሚገባበት ቤት ይሥሩ፣ ወይ ሰው ሳይገባ ክንዱ ሁሉም ጥግ የሚደርስበት ሳጥን ይሥሩ። በመካከሉ ያለው፣ ተንበርክከው የሚገቡበት ቤት፣ አይጸዳም። ለፒያሳ ግቢ ሁለተኛው ነው የሚስማማው። ለአምስት ዶሮ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ60፣ ጥልቀቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል፤ በአንድ ካሬ ሜትር አራት ዶሮ ቢታሰብ ማለት ነው። ከ90 ሳንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት አይኑረው፤ ክንድ አይደርስም። ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል በእግር ከፍ ይበል፤ ያን ጊዜ ወለሉ ወደ ወገብ ይቀርባል፣ ጀርባ አይሰበርም፣ ከሥሩም አይጥ ብትጎራበት ትታያለች። ሽለምጥማጥና ድመት እንዳይገቡ ሽቦው ቀዳዳው የጠበበ፣ መቀርቀሪያውም ሁለት ይሁን።

በሩ ደግሞ የፊት ግድግዳው ሁሉ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚከፈት፣ ሁለት መዝጊያ ያለው። እዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው በኋላ በጉልበቱ ይከፍላል። መዝጊያውን ሲከፍቱት ወለሉ ጫፍ ላይ ደፍ ካለ ጉዝጓዙን ያግደዋልና ደፉ ተነሺ ጣውላ ይሁን፤ በሁለት ሸንተረር መካከል ወርዶ የሚገባ፣ ለማጽዳት ወደ ላይ ተስቦ የሚወጣ። ከዚያ ከሥር ጆንያ ዘርግተው በአካፋ መግፋት ነው፤ ሁሉም አንዴ ይወርዳል።

ወለሉን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሽቦ ነው። ኩሱ በቀዳዳው ወርዶ ያልቃል፣ ማጽዳት የለም ይባላል። ኩሱ ግን አያልቅም፤ ከዓይን ይጠፋል እንጂ። ከሽቦው ሥር ተከምሮ ይጠብቃል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ከውስጥ ከነበረው የባሰ ይሸታል። ሽቦ ላይ ቀኑን ሙሉ የምትቆም ዶሮ እግሯ ይቆስላል፣ የፒያሳ የሌሊት ብርድም ከሥር ይገባባታል። ለአምስት ዶሮ ሽቦ ወለል አልመክርም። መሬቱን ራሱን ወለል ማድረግም እንዲሁ አይሆንም፤ እርጥበት ከሥር ይሳባል፣ አይጥ ይቆፍራል። የሚሻለው ከፍ ባለው ሳጥን ላይ ላሜራ የተነጠፈበት ጣውላ ነው። ቆሞ የሚገባበት ቤት ለሚሠሩ ደግሞ ሊሾ፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ በሩ የሚያዘነብል፣ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ጥግ በሲሚንቶ የዞረ። ችፑድ ግን ርካሽ ቢሆንም አይነካ። አንድ ክረምት ይበቃዋል፤ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ የገባውን ነገር ማንም አያወጣውም።

ወለሉ ላይ ጉዝጓዝ ይነጠፋል። የጉዝጓዝ ሥራ ውሃ መጠጣትና ኩሱን በትኖ ማድረቅ ነው፤ ዶሮዎቹ ራሳቸው በእግራቸው ሲጭሩ ያገለባብጡታል። ከአናጺ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ይሆናል፤ ሆኖም ዱቄት የሆነው ሳንባ ስለሚያውክ በመላጊያ የወጣው ሸካራው ፍቅፋቂ ይመረጣል፤ የችፑድና የኤም ዲ ኤፍ ዱቄት ሙጫ ስላለበት አይወሰድ። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ነው፤ ግን ሲረጥብ ምንጣፍ ሆኖ ይጋገራል፣ ስለዚህ ደጋግሞ መበተን ይፈልጋል። ጋዜጣ የሚያነጥፉ አሉ። ጋዜጣ ያንሸራትታል፤ የጫጩት እግር ወደ ጎን ተከፍቶ ይቀራል። ያነበብነውን ጋዜጣ ለሌላ ጥቅም እናውለው።

ጉዝጓዙ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይኑረው። መድረቁን የሚፈትኑት በእጅ ነው፤ እፍኝ አንሥተው ይጭመቁት። ሲለቁት ከተበተነ ደህና ነው፤ ኳስ ሆኖ ከቀረ ውሃ በዝቶበታል። በጣም ከደረቀና አቧራ ከሆነም ጥሩ አይደለም፤ ይህ ግን ለፒያሳ ክረምት የሚያሳስብ አይደለም።

ክረምቱን ካነሣን፣ የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ዋናው የዶሮ ቤት ፈተና ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጣሪያው ወደ ኋላ ያዘንብል፣ በፊት በኩል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ወጣ ይበል፤ አሸንዳ ይኑረው። የተጠጋጉ ግቢዎች ልዩ ችግር ግን የራስ ጣሪያ አይደለም፤ የጎረቤት ጣሪያ ጠብታ ነው። ቦታ ከመምረጥዎ በፊት አንድ ትልቅ ዝናብ ሲዘንብ ግቢው ውስጥ ቆመው ውሃው ከየት እንደሚወርድ፣ መሬት ሲደርስ ወዴት እንደሚረጭ ይመልከቱ። ደረቅ በሆነው የጥር ቀን የተመረጠ ጥግ በሐምሌ ኩሬ ይሆናል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ቢዞር የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ ክረምት ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ደርቆ የሚያድረው ቤት ጠዋት ፀሐይ ያየው ነው።

ከጣሪያው በታች ያለው ክፍተት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዶሮዎቹ እንዳይበርዳቸው ተብሎ ቀዳዳው ሁሉ በላስቲክ ይደፈናል። ዶሮ የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ላባዋን ነፍታ የጥቅምትና የኅዳርን ሌሊት ያለ ችግር ታሳልፋለች። የማትችለው እርጥበቱን ነው። አምስት ዶሮ በተደፈነ ሳጥን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ይነካል፣ ቆርቆሮው ያልበዋል፣ ላቡም ጉዝጓዙ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ባለቤቱ ጣሪያው ያፈሳል ብሎ ሠራተኛ ይጠራል። መፍትሔው ከጣሪያው ሥር፣ ከፊትም ከኋላም፣ ከተቀመጠችው ዶሮ ጭንቅላት በላይ የሚሆን፣ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነና ሁልጊዜ ክፍት የሆነ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ነው። ነፋሱ ከላይ ያልፋል፣ ዶሮዎቹን አይመታም፣ አሞኒያውንና እርጥበቱን ይዞ ይሄዳል።

ከዝናብ የባሰ ጉዝጓዝ የሚያበላሽ ግን መጠጫ ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች፤ ሳፋ ላይ ከሰጧት ከጠጣችው የማይተናነስ ትደፋለች፣ ትገባበታለች፣ ጭራም ቆሻሻ ትሞላዋለች። መጠጫው ከቤቱ ውጭ፣ ከሽቦው ማዶ ቢንጠለጠልና ዶሮዋ አንገቷን ብቻ አውጥታ ብትጠጣ ከሁሉም ይበልጣል። ይህ ካልተቻለ የጠርዙ ከፍታ በዶሮዋ ጀርባ ልክ ሆኖ ይሰቀል። የሃይላንድ ፕላስቲክ ገልብጦ በቆርቆሮ ድስት ላይ ማቆም ይሠራል፤ ጀሪካን ላይ የሚገጠም በምንቃር ሲነካ ብቻ የሚያንጠባጥብ ኒፕልም የዶሮ ዕቃ መሸጫዎች አላቸው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ውሃ የማይደፋው መጠጫ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል።

የእንቁላል መጣያው ሳጥን ነገር አጭር ነው። ለአራት ለአምስት ዶሮ አንድ ይበቃል፤ በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጨለም ያለ፣ ከቤቱ ጎን ወደ ውጭ የወጣ፣ ክዳኑ ከውጭ የሚከፈት። ከቆጡ ዝቅ ይበል። ዶሮ ማደሪያ የምትመርጠው ከፍ ያለውን ነው፤ ሳጥኑ ከቆጡ ከበለጠ እዚያ ታድራለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ኩስ ትጥልበታለች፣ ጠዋት እንቁላሉ ታጥቦም አይጠራም። የቆሸሸ እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ ቆሻሻው በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ስለዚህ የእንቁላል ንጽሕና የሚጠበቀው ሳጥኑ ላይ እንጂ ማጠቢያው ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ተላጠው አጣና። ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ደም ሲጠጣ የሚቀላ ተባይ አለ። ቀን ቀን ዶሮዋ ላይ አይገኝም፤ በስንጥቅ፣ በቅርፊት ሥር፣ በሁለት ጣውላ መካከል ይደበቃል፤ ሌሊት ወጥቶ ደሟን ይመጥጣል። ዶሮ ሳያገኝም ወራት ይቆያል። ጠዋት ዶሮዋን አገላብጦ አይቶ ንጹሕ ናት የሚል ሰው ተባዩን የፈለገው በተሳሳተ ቦታ ነው። ነጭ ጨርቅ ይዘው የቆጡን ጫፍ ከሥር ቢጠርጉት ቀይ ነጠብጣብ ከታየ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ስንጥቅ ያነሰበት ቤት ለማጽዳት የሚቀል ብቻ ሳይሆን ዶሮውም የሚተኛበት ቤት ነው። ጣውላው ይላግ፣ መጋጠሚያው ይደፈን፣ ውስጡ በዓመት ሁለት ጊዜ ኖራ ይቀባ። የጭቃ ግድግዳን ተደግፎ የተሠራ ዶሮ ቤት ግድግዳው በሲሚንቶ ካልተለሰነ ይህን ተባይ ማጥፋት ከንቱ ድካም ነው።

በረኪናን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በትኩስ ኩስ ላይ በረኪና አይደፋም። ከኩሱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ጉሮሮና ሳንባ ይጎዳል፣ በተዘጋ ቦታ ደግሞ አደገኛ ነው። ከዚያም በላይ ቆሻሻ ላይ የተደፋ በረኪና ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርስበታል። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ በደረቁ መፋቅና መጥረግ፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ ማሸት፣ ከዚያ ብዙ ውሃ በቀላቀሉበት በረኪና ማበስ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ክፍት አድርጎ ማድረቅ። ይህ ዋናው ጽዳት ዶሮዎቹ ወጥተው በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ አንዱ ክረምት ሳይገባ ግንቦት ላይ፣ ሌላው ክረምቱ እንዳለቀ ጥቅምት ላይ። አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ነው የሚሠራው።

ደህና ተሠርቶ፣ ደህና እየጸዳ የቆየን ዶሮ ቤት በአንድ ቀን የሚያፈርሰው የበዓል አውራ ዶሮ ነው። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው ይገዛል፤ ግቢ ሲደርስ ቤት አለ አይደል ተብሎ ከእንቁላል ጣዮቹ ጋር ይገባል። በበዓል ሰሞን ገበያ ላይ ከየአገሩ የመጣ ዶሮ ተቀላቅሎ ይውላል፤ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታም የሚዛመተው እንዲህ ነው። አውራው ለወጥ ይታረዳል፣ ይዞት የመጣው ግን ግቢው ውስጥ ይቀራል። ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የፈንግል ክትባት ያመርታል፤ እሱን በጊዜው ማስከተብ ግድ ነው። ከቤቱ ንድፍ በኩል የሚደረገው ደግሞ ቀላል ነው፤ ከዋናው ቤት ራቅ ብሎ የሚቀመጥ አንድ ተጨማሪ ቅርጫት ወይም ትንሽ ኬጅ፣ የራሱ መጠጫ ያለው። የበዓሉ ዶሮ እዚያ ይደር። ለማርባት የተገዛ አዲስ ዶሮም ሁለት ሳምንት እዚያ ይቆይ። መጀመሪያ የራስዎን ዶሮዎች ይመግቡ፣ እንግዳውን በመጨረሻ፣ ከዚያ እጅ ይታጠቡ።

ኩሱ ከቤቱ ከወጣ በኋላ የት ይሂድ? በቱቦና በቦይ መልቀቅ ቀላል ይመስላል። ከፒያሳ የሚወርደው ፍሳሽ ግን በራስ መኮንን ድልድይ ሥር እንደሚያልፈው ያሉትን ወንዞች ይዞ ወደ አቃቂ ይደርሳል፤ በአቃቂ ዳር ደግሞ በዚያው ውሃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ አለ፤ ጎመኑም ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ስለዚህ ኩሱ በደረቁ ወደ ጆንያ ይግባ። አንድ እጅ ኩስ ከሁለት ወይም ከሦስት እጅ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ፣ በእጅ ሲጨመቅ ጠብ የማይል እርጥበት ኖሮት፣ አየር በሚያሳልፍ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ዝናብ ከማይነካው ጥግ ይቀመጣል። በየሁለት ሳምንቱ ወደ ሌላ ጆንያ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ በመካከሉ ይሞቃል፣ ያ ሙቀት ደግሞ ብዙውን ተህዋስ ይገድላል። ትኩሱ ኩስ በቀጥታ ለአትክልት ከተሰጠ ሥሩን ያቃጥላል፤ ሦስት ወር የቆየው ግን በመንገድ ዳር ችግኝና አበባ የሚሸጡት ሰዎች የሚፈልጉት ዓይነት ማዳበሪያ ነው። ከመስጠትዎ በፊት የጆንያውን አፍ ፈትተው ያሽትቱት። የአፈር ሽታ ካለው ደርሷል፤ ዓይን የሚቆጠቁጥ ከሆነ ገና ነው፤ አንድ ጊዜ ይገልብጡትና እንደገና ይሰሩት።